ሳይቃኙ መደርደር፤ ስለ ፍለጋ ስልቶችና ስለ ማስተካከያ ቁጥሮቻቸው አጭር ትምህርት

ክራር ደርዳሪ ወደ ጨዋታው ከመግባቱ በፊት ክሮቹን እያከረረና እያላላ ይቃኛል። ለትዝታ የተቃኘ ክራር ለአንቺ ሆዬ አይሆንም፤ ለባቲ የተቃኘውም ለአምባሰል አይመችም። ዕቃው ያው ነው፥ ክሩም ያው ነው፤ ቅኝቱ ግን እንደ ዜማው ይለወጣል። ሳይቃኝ የሚደረድር ሰው ጣቱ የቱንም ያህል ቢፈጥን ሰሚውን ያሰለቻል እንጂ አያስደስትም።

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ ያሰብነው ስለ ሌላ ዓይነት ቅኝት ነው። ይኸውም ኮምፒዩተር እጅግ ከበዙ አማራጮች መካከል ጥሩውን እንዲፈልግ የሚያደርጉት፥ ሜታሂዩሪስቲክ የሚባሉት የፍለጋ ስልቶች እንዴት እንደሚቃኙ ነው። ይህን ስም በ1986 ያወጣላቸው ፍሬድ ግሎቨር ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን። እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ስንሆን ይህን ርእስ የመረጥነው፥ ነገሩ ለኢንጂነሮችና ለሒሳብ ሊቃውንት ብቻ የተተወ ነው የሚለው አስተሳሰብ ትክክል መስሎ ስላልታየን ነው። ሒሳቡ ጥቂት ነው፤ የሚበዛው የፍርድ ጉዳይ ነው። ቁም ነገሩም በአጭሩ ይህ ነው፤ የፍለጋ ስልት ማስተካከያ ቁጥሮች በያዝነው ችግር ላይ ተፈትነው መገኘት አለባቸው፤ የተገኙበትም መንገድ በግልጽ መነገር አለበት።

ሀ፤ ችግሩ ከየት ይነሣል

ደብረ ኤልያስ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ቅኔ ነው። ከደብረ ማርቆስ በስተ ምዕራብ የሚገኘው ይህ አገር ከጎጃም ታላላቅ የቅኔ ጉባኤዎች አንዱ የተተከለበት ነው፤ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁም በወጣትነታቸው ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ይሁን እንጂ ወረዳው የቅኔ አገር ብቻ አይደለም። ጤፍ፥ ስንዴና በቆሎ የሚያበቅል የገበሬ አገር ነው፤ በደቡብ በኩልም ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። እንዲህ ባለው አገር ምርጥ ዘር ዝናቡን ተከትሎ ቢመጣ ከገበሬው ቤት የሚጐድለው የዓመቱ ቀለብ ነው።

እንግዲህ ለምሳሌ ያህል እንዲህ እናስብ። ምርጥ ዘር የጫነ አንድ መኪና ከደብረ ማርቆስ መጋዘን ተነሥቶ፥ በደብረ ኤልያስ ወረዳ 7 ጣቢያዎችን አዳርሶ፥ ወደ መጋዘኑ ይመለሳል። በየትኛው ቅደም ተከተል ቢሄድ መንገዱ ያጥራል? የመጀመሪያውን ጣቢያ ከ7 መምረጥ ይቻላል፤ ሁለተኛውን ከ6፥ ሦስተኛውን ከ5፥ እያለ ይወርዳል። ሲባዛ 5,040 ይሆናል። አንድን ዙር ከፊት ወደ ኋላ ወይም ከኋላ ወደ ፊት ቢሄዱት ርቀቱ አንድ ስለሆነ ግማሹ 2,520 ይቀራል። ይህን አንድ ትጉህ ጸሐፊ በወረቀት ሊጨርሰው ይችላል።

ጣቢያዎቹ 15 ቢሆኑ ግን ዙሮቹ 653,837,184,000 ይሆናሉ። በሴኮንድ አንድ ሚሊዮን ዙር የሚመረምር ኮምፒዩተር ከ7 ቀን በላይ ይፈጅበታል። ጣቢያዎቹ 19 ቢሆኑማ ያው ኮምፒዩተር ከ1,900 ዓመት በላይ መቈጠር ይኖርበታል። አራት ጣቢያ ብቻ ተጨምሮ ሳምንቱ ወደ ዘመናት መለወጡን አንባቢ ልብ ይበል።

ሁሉን ሳይቈጥሩ ትክክለኛውን አጭር ዙር የሚያገኙ የሒሳብ ዘዴዎች አሉ፤ ለ20 ጣቢያም በቂ ናቸው። ነገር ግን መኪናው ሦስት ወይም አራት ሲሆን፥ አንዱ ጣቢያ የሚከፈተው ከሰዓት በኋላ ሲሆን፥ አንዱ ወንዝ ሲሞላ መንገዱ የሚዘጋ ሲሆን፥ ጣቢያዎቹም በመቶ ሲቈጠሩ እነዚያ ዘዴዎች ይከብዳቸዋል። በዚህ ጊዜ «ፍጹሙን ባናገኝ በቂ የሆነውን በጊዜው እናግኝ» የሚሉት የፍለጋ ስልቶች ይጠራሉ።

ለ፤ የፍለጋ ስልት ምንድን ነው

አንድ ሰው በጉም ውስጥ ከደብረ ኤልያስ ሜዳ ወደ ዓባይ ይወርዳል እንበል። አንድ እርምጃ እንጂ ከዚያ በላይ አይታየውም። «ሁልጊዜ ቁልቁል ብቻ እረግጣለሁ» ብሎ ከወሰነ፥ ዓባይ ሳይደርስ በአንድ ጎድጓዳ ስፍራ ይቀራል፤ ከዚያ በሁሉም በኩል ዳገት ነውና። ከጎድጓዳው ለመውጣት ጥቂት ዳገት መውጣት ግድ ነው። ዳገት ባየ ቁጥር የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ከርሞም ወንዙ ዘንድ አይደርስም። የፍለጋ ስልቶች ሁሉ ጥበብ በዚህ ሚዛን ላይ ነው፤ መቼ ቁልቁል መውረድ፥ መቼ ዳገት መታገሥ እንደሚገባ መለየት።

ከነዚህ ስልቶች መካከል ለማስረዳት የሚቀለው ከብረት ሥራ የተወሰደው ነው። ቀጥቃጭ የጋለ ብረት ውኃ ውስጥ ቢነክር ብረቱ ይጠነክራል፥ ነገር ግን ተሰባሪ ይሆናል፤ በዝግታ እንዲቀዘቅዝ ቢተወው ግን ውስጡ ተስተካክሎ ይለዝባል። ይህን ጠባይ በስሌት ለመምሰል መሠረቱን የጣሉት በ1953 ኒኮላስ ሜትሮፖሊስና ባልደረቦቹ ናቸው፤ በ1983 ደግሞ ስኮት ከርክፓትሪክ፥ ጌላትና ቬኪ ለፍለጋ ሥራ አዋሉት። በኛ ምሳሌ ሥራው እንዲህ ነው። ኮምፒዩተሩ አንድ ዙር ይይዛል፤ የሁለት ጣቢያዎችን ተራ ይለዋውጣል፤ መንገዱ ካጠረ ለውጡን ይቀበላል። ከረዘመ ግን ወዲያው አይጥለውም፤ ዕጣ ይጥልበታል። ዕጣው ሙቀት በሚባል ቁጥር ይገዛል። ሙቀቱ ከፍ ሲል መጥፎ ለውጥ በቀላሉ ያልፋል፤ ሙቀቱ ሲወርድ በሩ እየጠበበ ይሄዳል።

ሌሎችም አሉ። ጆን ሆላንድ በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ የከብት አርቢን ሥራ የሚመስል ስልት አቅርቧል፤ ብዙ መልሶችን በአንድነት ይዞ፥ ጥሩዎቹን እያዳቀለ፥ አልፎ አልፎም በመጠኑ እየለወጠ ትውልድ ይተካል። ማርኮ ዶሪጎ በ1992 ጉንዳኖች ዱካቸውን በሽታ ምልክት ከሚያበጁበት ጠባይ ሌላ ስልት አወጣ። ጄምስ ኬኔዲና ራስል ኤበርሃርት በ1995 ከወፎች መንጋ አበራረር ተነሥተው ሌላ ጨመሩ። ምሳሌያቸው ይለያይ እንጂ አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፤ ሁሉም ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ሰው የሚሞላላቸው ቁጥሮች አሏቸው። እነዚህን ቁጥሮች ፓራሜትር ይሏቸዋል፤ እኛ ማስተካከያ ቁጥር እንላቸዋለን።

ሐ፤ ቁጥሮቹ ምን ያደርጋሉ

በብረት ሥራው ምሳሌ እንቈይ። ሰው መሙላት ያለበት አራት ቁጥር ነው፤ መነሻ ሙቀት፥ ሙቀቱ በየደረጃው የሚባዛበት የማቀዝቀዣ ቁጥር፥ በአንድ ደረጃ ላይ የሚደረገው ሙከራ ብዛት፥ መጨረሻም ሥራው የሚቆምበት ሙቀት።

መንገዱን 2 ኪሎ ሜትር የሚያስረዝም ለውጥ ቀረበ እንበል። ሙቀቱ 10 ቢሆን ይህ ለውጥ ከ100 ጊዜ 82 ጊዜ ያህል ያልፋል። ሙቀቱ 1 ቢሆን ከ100 ጊዜ 14 ጊዜ ያህል ያልፋል። ሙቀቱ 0.1 ቢሆን ግን ከአንድ ቢሊዮን ጊዜ 2 ጊዜ ያህል ቢያልፍ ነው፤ በሩ ተዘጋ ማለት ይቻላል። ስለዚህ በ10 የጀመረ መንገደኛ ጎድጓዳውን ሁሉ እየዘለለ ያያል፤ በ0.1 የጀመረ ግን ከመጀመሪያው ጎድጓዳ አይወጣም።

ማቀዝቀዣውም እንዲሁ ነው። ሙቀቱን ከ10 ወደ 0.1 ለማውረድ በየደረጃው በ0.5 ብናባዛው 7 ደረጃ ይበቃል፤ በ0.95 ብናባዛው 90 ደረጃ፥ በ0.99 ብናባዛው 459 ደረጃ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ብረቱን ውኃ ውስጥ እንደ መንከር ነው፤ የመጨረሻው አመድ ውስጥ ቀብሮ እንደ ማቀዝቀዝ ነው።

«ታዲያ ቀስ ማለት የሚሻል ከሆነ ሁልጊዜ 0.99 እንያዝ» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ጊዜያችን የተወሰነ ነው። በጠቅላላው 90,000 ሙከራ ብቻ የተፈቀደልን ቢሆን፥ በ0.95 ስንሄድ በእያንዳንዱ ደረጃ 1,000 ሙከራ ይደርሰናል፤ በ0.99 ስንሄድ ግን 196 ብቻ ይደርሰናል። አንዱን ክር ስናከረው ሌላው ይላላል። ስለዚህ አራቱን ቁጥሮች አንድ በአንድ ለየብቻ አስተካክሎ መጨረስ አይቻልም፤ እርስ በርሳቸው ተያይዘዋልና በአንድነት መታየት አለባቸው።

መነሻ ሙቀትን ለመገመት የሚረዳ አንድ ቀላል ዘዴ እንንገር። አስቀድሞ ጥቂት መቶ ለውጦችን በዕጣ ሞክሮ መጥፎዎቹ በአማካይ መንገዱን ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚያስረዝሙ መለካት ነው። አማካዩ 6 ኪሎ ሜትር ቢሆን፥ በመጀመሪያ ላይም ከመጥፎ ለውጦች 80 በመቶ ያህሉ እንዲያልፉ ብንፈልግ፥ አማካዩን በ4.48 አባዝተን 27 ያህል መነሻ ሙቀት እናገኛለን። ርቀቱ በሜትር ቢጻፍ ኖሮ መነሻው 27,000 ይሆን ነበር። አንዱ ከሌላው መጽሐፍ «መነሻ ሙቀት 100» ብሎ ሲቀዳ በኪሎ ሜትር ይሁን በሜትር ሳይጠይቅ የሚቀዳ ከሆነ ምን እንደሚደርስበት ከዚህ ይታያል።

መ፤ ከመጽሐፍ ስለሚቀዳ ቁጥር

ከሰው መቅዳት እንደማያዋጣ የሚያስረዳ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። የሆላንድ ደቀ መዝሙር የነበረው ኬኔት ደ ዮንግ በ1975 ባቀረበው የዶክትሬት ጥናት የማዳቀሉን ስልት በተወሰኑ ችግሮች ላይ መረመረ። ከዚያ ጥናት ተወስዶ ብዙ ሰው የተቀባበለው ቅኝት 50 አባላት፥ የማዳቀል መጠን 0.6፥ የመለወጥ መጠን 0.001 የሚለው ነው። በ1986 ደግሞ ጆን ግሬፈንስቴት ቁጥሮቹን የሚፈልግ ሌላ የማዳቀል ስልት ከላይ አስቀምጦ 30 አባላት፥ የማዳቀል መጠን 0.95፥ የመለወጥ መጠን 0.01 የሚል አገኘ። በሁለቱ መካከል የመለወጡ መጠን አሥር እጥፍ ይለያያል። ሁለቱም ሐሰት አልተናገሩም፤ እያንዳንዱ በያዘው ችግርና በመረጠው መለኪያ አንጻር ያገኘውን ተናገረ። ስሕተቱ የሚመጣው አንዱን አንሥቶ ለሁሉም ሥራ «ደንብ ነው» ከሚለው ተቀባይ ነው።

ዴቪድ ዎልፐርትና ዊልያም ማክሬዲ በ1997 ነገሩን በሒሳብ አጸኑት። ሊኖሩ የሚችሉ ችግሮች ሁሉ አንድም ሳይቀር በእኩል ቢቈጠሩ፥ አንድ የፍለጋ ስልት ከሌላው በአማካይ እንደማይበልጥ አሳዩ። ይህ ማለት መቃኘት ከንቱ ነው ማለት አይደለም። እኛ የሚገጥሙን ችግሮች የተወሰነ ጠባይ ያላቸው ናቸው፤ ስልቱ የሚጠቅመው ያንን ጠባይ ሲያውቅ ነው ማለት ነው። ለሁሉም ዜማ የሚሆን አንድ ቅኝት የለም።

አንዳንዶች ደግሞ ቁጥሩን በጨዋታ መካከል ይለውጡታል። ኢንጎ ረሸንበርግ በ1973 ያወጣው የአንድ አምስተኛ ደንብ ከነዚህ የታወቀው ነው፤ ከሙከራዎቹ ከአምስት አንዱ በላይ ከተሳካ እርምጃውን አስፋ፥ ከዚያ ካነሰ አጥብብ ይላል። በ1999 አይበን፥ ሂንተርዲንግና ሚሃሌቪች ሁለቱን ለይተው ስም ሰጧቸው፤ ከሥራው በፊት የሚደረገው ቅኝት አንድ፥ በሥራው መካከል የሚደረገው ቍጥጥር ሁለት። ይሁንና በሁለተኛውም ውስጥ ቢሆን «አንድ አምስተኛ» የሚለው ራሱ ሰው የሞላው ቁጥር መሆኑን ልብ ይሏል።

ሠ፤ የቅኝት ሥራ በተራ

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፥ ሥራው ተረጋግቶ በተራ መያዝ አለበት። እኛ በአምስት ከፍለን እናቀርበዋለን።

1ኛ፤ ምሳሌዎችን መሰብሰብ። ስልቱ ወደፊት ከሚገጥሙት ችግሮች ጋር የሚመሳሰሉ ችግሮች ያስፈልጋሉ። ለዘር ማመላለሻው ያለፉት ዓመታት የጉዞ ዝርዝሮች ይሰበሰባሉ። የበጋ መንገድ ብቻ ተሰብስቦ ለሰኔ ጭቃ ቢቃኝ ቅኝቱ ለሌላ ዜማ ሆነ ማለት ነው።

2ኛ፤ ምሳሌዎቹን ለሁለት መክፈል። ከፊሉ ለመቃኛ ይሆናል፤ ከፊሉ እስከ መጨረሻው ሳይነካ ለመፈተኛ ይቀመጣል። የቅኔ ቤት ሥርዓት ይህን በሚገባ ያስተምረናል። በቅኔ ጉባኤ የሌላውን ቅኔ በቃሉ ያጠና ተማሪ ባለ ቅኔ አይባልም፤ ቈጥሮ አዲስ ቅኔ ማምጣት፥ ለመምህሩም ነግሮ መታረም አለበት። ቀድሞ ባያቸው ችግሮች ላይ ብቻ የተመሰገነ ስልትም ገና አልተፈተነም።

3ኛ፤ የሚሞከሩትን ቁጥሮች መምረጥ። ለአራቱ ቁጥሮች አምስት አምስት ደረጃ ብንመድብ 625 ቅኝት ይሆናል። እያንዳንዱን በ10 ችግሮች ላይ 10 ጊዜ ብንሞክረው 62,500 ሥራ ነው። አንዱ አንድ ደቂቃ ቢፈጅ ከ43 ቀን በላይ ይወስዳል። ጄምስ በርግስትራና ዮሽዋ ቤንጂዮ በ2012 እንዳሳዩት ብዙ ጊዜ ቁጥሮቹን በዕጣ ማውጣት ይሻላል። ምክንያቱም ቀላል ነው። በሁለት ቁጥሮች ላይ 25 ሙከራ በአምስት በአምስት ረድፍ ብንደረድር የያንዳንዱን ቁጥር 5 ዋጋ ብቻ እናያለን፤ በዕጣ ብናወጣ ግን 25 ልዩ ልዩ ዋጋ እናያለን። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ብርቱ ከሆነ ትርፉ የጐላ ነው።

4ኛ፤ ማሽቀዳደም። ሁሉንም ቅኝት እስከ መጨረሻ ማስሮጥ ብክነት ነው። ማውሮ ቢራታሪና ባልደረቦቹ በ2002 ባቀረቡት ዘዴ ቅኝቶቹ በአንድ ችግር፥ ቀጥሎም በሌላው ይሞከራሉ፤ ደካማነቱ በስታቲስቲክስ የተረጋገጠው ከውድድሩ ይወጣል። የሱ ድርሻ ለቀሩት ይሰጣል። በዚህ መንገድ ጊዜው በብርቱዎቹ መካከል ለመለየት ይውላል። ተማሪ በነፃ ሊጠቀምበት የሚችል አይሬስ የተባለ ፕሮግራምም በዚሁ ሐሳብ ላይ የተሠራ ነው።

5ኛ፤ መድገምና አማካይ መውሰድ። እነዚህ ስልቶች በዕጣ ስለሚሠሩ አንድ ቅኝት ዛሬ 212 ኪሎ ሜትር፥ ነገ 231 ኪሎ ሜትር ቢያመጣ አያስደንቅም። ስለዚህ ከብዙ ሙከራ አማካዩንና የውጤቱን መራራቅ መያዝ እንጂ፥ አንድ ጊዜ የወጣውን ጥሩ ዕጣ ብቻ ማሳየት ተገቢ አይደለም።

ረ፤ ከአገራችን አንድ ምሳሌ

ይህ ጉዳይ ለአገራችን ሩቅ አይደለም። በ2008 ሽመልስ ሰጠኝና ሁለት ባልደረቦቻቸው ስለ ጣና ሐይቅ ተፋሰስ ባሳተሙት ጥናት፥ የግልገል ዓባይን፥ የጉማራን፥ የርብንና የመገጭን ወንዞች ፍሰት ስዋት በሚባል የኮምፒዩተር ሞዴል መርምረዋል። ሞዴሉ ራሱ የሚስተካከሉ ቁጥሮች አሉት፤ አፈሩ ምን ያህል ውኃ እንደሚይዝ፥ ምን ያህሉ በገጸ ምድር እንደሚፈስ የሚገልጹ ናቸው። አጥኚዎቹ እነዚህን ለማግኘት ሦስት ዘዴዎችን አወዳድረዋል። ከሦስቱ አንዱ ፓራሶል የሚባለው፥ ዱዋን፥ ሶሩሽያንና ጉፕታ በ1992 ባወጡት የፍለጋ ስልት ላይ የቆመ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ቁጥር እንዳለ ሳንለይ አንለፍ። አንደኛው የአፈሩና የወንዙ ቁጥር ነው፤ ፍለጋው የሚፈልገው እርሱን ነው። ሁለተኛው የፈላጊው የራሱ ቁጥር ነው፤ ማለትም በስንት ቡድን እንደሚፈልግ፥ ስንት ጊዜ ሞክሮ እንደሚያቆም። ሁለተኛው በደንብ ካልተቃኘ የመጀመሪያው ይበላሻል፤ የመጀመሪያው ከተበላሸም ስለ ጐርፍና ስለ መስኖ የሚሰጠው ምክር ይጣመማል። ከቢሮ የተነሣው ስሕተት በመጨረሻ የሚደርሰው ገበሬው ማሳ ላይ ነው።

ሰ፤ ስለ ፍርድ

በመጨረሻ ስለ ሐቀኝነት አንድ ቃል እንናገር። አንድ ሰው አዲስ ስልት አወጣሁ ይላል፤ የራሱን አንድ ወር ሙሉ ይቃኛል፤ የተወዳዳሪውን ግን ከድሮ መጽሐፍ በቀዳው ቁጥር ያስሮጣል። ከዚያም «የኔ በለጠ» ይላል። ይህ አንዱን ፈረስ ገብስ ቀልቦ ሌላውን አስርቦ እንደ ማሽቀዳደም ነው። የበለጠው ፈረሱ ይሁን ገብሱ ማን ያውቃል? ፍርዱ ቀና የሚሆነው ለሁለቱም እኩል የመቃኛ ጊዜ፥ እኩል የሙከራ ብዛት፥ ተመሳሳይ የመፈተኛ ችግር ሲሰጥ ነው። ኬኔት ሶረንሰን በ2015 ባሳተመው ጽሑፍ በየዓመቱ በእንስሳትና በተፈጥሮ ነገሮች ስም የሚወጡትን «አዳዲስ» ስልቶች አጥብቆ ነቅፏል፤ አዲሱ ስሙ እንጂ ሥራው እንዳልሆነ አመልክቷል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ጥናት በእጃችን ሲገባ፥ የሒሳብ ተማሪ ባንሆንም፥ የምንጠይቀው አናጣም። ቁጥሮቹ ከየት መጡ? ስንት ጊዜ ተሞከረ? ያልታየ ችግር ላይ ተፈተነ ወይ? ለተወዳዳሪውስ እኩል ዕድል ተሰጠው ወይ? እነዚህን ለመጠየቅ የሚያስፈልገው ማስተዋል ነው። ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ገብተን «ኮምፒዩተሩ ይህን አለ» የሚል ወረቀት ሲቀርብልን፥ ከመፈረማችን በፊት ማን እንደ ቃኘውና ለየትኛው ዜማ እንደ ተቃኘ እንጠይቅ።

ለመልመጃና ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. መኪናው ከመጋዘን ተነሥቶ 10 ጣቢያ አዳርሶ የሚመለስ ቢሆን ስንት የተለያየ ዙር ይኖራል? (መልስ፦ 1,814,400)

2. መጥፎ ለውጦች መንገዱን በአማካይ 3 ኪሎ ሜትር ቢያስረዝሙና በመጀመሪያ 80 በመቶ ያህሉ እንዲያልፉ ብንፈልግ መነሻ ሙቀቱ ስንት ይሆናል? (መልስ፦ 13.4 ያህል)

3. አንድ አጥኚ 50 ጊዜ ሞክሮ ከሁሉ የተሻለውን አንድ ውጤት ብቻ ቢያሳትም ምን ተደበቀን? ምንስ እንዲጨምር እንጠይቀዋለን?

4. ለበጋ መንገድ የተቃኘ ስልት በሰኔ ቢሠራበት የሚጐዳው ማን ነው? ጉዳቱንስ በምን እንለካዋለን፤ በኪሎ ሜትር ነው ወይስ በዘሩ መዘግየት?